ድኝ ያልኩበት ቀን

የበሽታውን ምክንያት የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ ከዓመታት በኋላ ነው። ድሮ አብሮኝ የሠራ፣ በኋላ የሕክምና መምህር የሆነ ወዳጄ ደብረ ብርሃን ቤቴ ሊጠይቀኝ መጣ። ስለ ጥንቱ ሥራችን ስንጫወት የአንኮበሩን ቄስ ልጆች አነሣሁበት። ጨርሼ ሳልነግረው፣ "እሱማ ዛሬ ይታወቃል። ሰልፋቴዝ ከሚባሉት ኢንዛይሞች አንዱ ሲጎድል የሚመጣ ነው" አለኝ። እንዲህ በቀላሉ። እኔ ግን ነገሩን ዕድሜ ልኬን ተሸክሜው ኖሬያለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራ የጀመርኩት የመድኃኒት ጠርሙስ በማጠብ ነው። ከዚያ የድሬሰርነት ትምህርት ተምሬ ለሚ ከተማ ተመደብኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በገበያ ቀን ክትባት ስከትብ ቆየሁ። ከለሚ ወደ ደብረ ሲና ተዛወርኩ። ከቆላ የሚወጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ወባ ይዟቸው ይመጡ ነበርና፣ ደም በመስታወት ላይ መቀባትንና በማይክሮስኮፕ ማየትን የለመድኩት እዚያ ነው። አለቃዬ ቁጡ ቢሆንም ማይክሮስኮፑን አይሰስትብኝም ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚሞላው ቅጽ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ብዙ የምለው የለኝም። በአምሳዎቹ አጋማሽ ግን ደብረ ብርሃን፣ ጋሽ ሞገስ ከሚመሩት ላቦራቶሪ ገባሁ። ላቦራቶሪ ይባል እንጂ አንዲት መስኮት ያላት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ መስታወቷን የሚጋግርባት ጠባብ ክፍል ነበረች።

ጋሽ ሞገስ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ነበሩ። ብልቃጥ ሦስት ጊዜ ያጥቡና በአራተኛው አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸታሉ። "ዓይን ይሸነገላል፤ አፍንጫን ማታለል ግን ያስቸግራል" ይላሉ። የሰው ሽንት ሲመረምሩ የራሳቸውንም ጎን ለጎን ይመረምራሉ። መጀመሪያ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። "ጤነኛው ምን እንደሚመስል ሳታይ ሕመምተኛውን አየሁ እንዳትል" አሉኝ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ውጤት አነጋገራቸው ነበር። ተርታ የቆመ ሰው ቢኖርም በሩን ይዘጋሉ። ባለጉዳዩን ወንበር ላይ አስቀምጠው እሳቸው ዱካ ላይ ዝቅ ይላሉ። ከዚያ፣ "ቤትህ ማን ማን አለ? ይህን ነገር መጀመሪያ የምትነግረው ለማን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ከሰሙ በኋላ ነው ውጤቱን የሚናገሩት። እኔ ይህን ሁሉ የሽማግሌ ዘገምተኝነት አድርጌ ነበር የማየው።

ወይዘሮ አስካለ የመጣችው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከአንኮበር በበቅሎ አድራ መጥታ ነበር። የቄስ ወልደ ሰንበት ባለቤት ነች፤ ባሏ አንኮበር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ያገለግላል። ልጁን ከጀርባዋ ስታወርደው መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሹን ነው፤ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ሲሳብና ሲለቀቅ ከደጅ ይሰማል። ስሙ ምትኩ ይባላል። ዕድሜው ስድስት ነው፤ ቁመቱ ግን የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ነበር። ግንባሩ ጎልቷል፤ አፍንጫው ተደፍጥጧል፤ ከንፈሩ ወፍሮ ምላሱ አፉን ሞልቶታል። ጣቶቹ እንደ ጭልፊት ጥፍር ተቆልምመው አይዘረጉም። ሆዱ ተነፍቷል። ጀርባውን ስገልጠው በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል ምስር የሚያካክሉ፣ ነጣ ያሉ ጠጣር እብጠቶች ተደርድረው አየሁ። ዓይኖቹ ግን እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ነበሩ። በዚያ ፊት ውስጥ እነዚያን ዓይኖች ሳይ፣ ከተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው በቀዳዳ የሚመለከተኝ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"ታላቁ ጌታሁን ነበር" አለችኝ አስካለ። "በስምንት ዓመቱ ሞተብኝ። ይኼ ሲወለድ ምትኩ አልነው። እስከ ሁለት ዓመቱ የራሱ መልክ ነበረው፤ ቀይ፣ አፍንጫ ሰልካካ። ከዚያ ቀስ በቀስ የዚያን መልክ ለበሰ። አማቴ 'ተለውጧል፤ ይኼ የሞተው ነው' ይላሉ።"

"እርስዎስ?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔማ እናቱ ነኝ። ግን ሐኪም፣ አንዳንዴ ሳላስበው 'ጌታሁን!' ብዬ ስጣራ ይዞራል። በራሱ ስም ስጠራው አይሰማም።"

ጆሮው እየደከመ መሆኑን በኋላ መርምረን አወቅን፤ ጮክ ያለውን ይሰማል፣ ለስላሳውን አይሰማም። በዚያች ሰዓት ግን ጠጉሬ ቆመ።

በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ የውጭ አገር የሕፃናት ሐኪም ነበር። ምትኩን ሲያየው ብዙ ቆየ። ከሻንጣው ሰማያዊ ዱቄት ቀለም አውጥቶ ለጋሽ ሞገስ ሰጠና እኔ እያስተረጎምኩ እንዲህ አለ፦ "እንዲህ ያሉ ልጆች ሽንት ውስጥ ድኝ ያዘለ ዝልግልግ ነገር ይወጣል። ሽንቱን ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁት። ከዚያ ይህ ቀለም ውስጥ ነክራችሁ በአልኮል እጠቡት። ያ ነገር ካለ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ይለወጣል።" በሽታው ወንዶችን ብቻ እንደሚይዝ፣ ምንም ሕመም በሌለባት እናት በኩል እንደሚተላለፍም ነገረን። መድኃኒት እንደሌለው የነገረን መጨረሻ ላይ ነው።

ጋሽ ሞገስ እንደ ልማዳቸው አንድ ጠብታ ከራሳቸው፣ አንድ ከምትኩ አደረጉ። መስኮቱ አጠገብ ሰቅለን አደረቅነው። ሲደርቅ ሁለቱም ጠፉ፤ ወረቀቱ ባዶ መሰለ። ቀለሙ ውስጥ ነክረን ስናጥበው የጋሽ ሞገስ ቦታ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ነጣ። ከአጠገቡ ግን ምንም ካልነበረበት ወረቀት ላይ ሐምራዊ ክብ፣ ዳር ዳሩ እየጠቆረ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ጋሽ ሞገስ ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሦስቱንም ጊዜ ያው ክብ እዚያው ቦታ ብቅ አለ።

ዛሬ ወዳጄ እንዳስረዳኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳን፣ አጥንትንና ጅማትን የሚያያይዙ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች በሰውነታችን አሉ። በሰንሰለቱ ላይ ሰልፌት የሚባል፣ ድኝ ያለበት ነገር እዚህም እዚያም ተለጥፏል። ሰንሰለቱ ሲያረጅ ሰውነት ሊያፈርሰው ሲፈልግ በመጀመሪያ ያንን የተለጠፈ ነገር መንቀል አለበት፤ የሚነቅሉት ሰልፋቴዞች ናቸው። ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። አንዱ ሲጎድል መሄድ የጀመረ ሕፃን መሄድ ያቆማል፤ የነርቩ ሽፋን እየረገፈ። ሌላው ሲጎድል የወንድ ልጅ ቆዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይሆናል። ሁሉንም የሚያነቃ አንድ ሌላ ደግሞ አለ፤ እሱ ከጠፋ ሁሉም አብረው ይተኛሉ። ምትኩን የጎደለው አንዱ ብቻ ነበር። የማይፈርሰው ነገር በጉበቱ፣ በጅማቱ፣ በጉሮሮው፣ በአንጎሉ ውስጥ ቀን በቀን ሲከማች ኖሯል። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ የምናገረው ሌላ ነበር።

ሐኪሙ ዘመዶቹም እንዲታዩ ስለፈለገ ወረቀቴንና ቀለሜን ይዤ ወደ አንኮበር ወጣሁ። እስከ ጎረቤላ በላንድሮቨር፣ ከዚያ በበቅሎ። መጀመሪያ የገባሁት እነ አስካለ ቤት ነው። ምትኩ ጋቢ ተከናንቦ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሽንቱን እንደገና ወሰድኩ። ከዚያ ታናሽ እኅቷ ብርቄ ወደምትኖርበት፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው መንገድ ሁለት ሰዓት ቁልቁል ወረድኩ። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ የበቅሎዋን ጆሮ እንኳ ያሳጣኝ ነበር። ከእኔ ሌላ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው አልነበረም።

የብርቄ ደጅ ስደርስ ጉሙ ትንሽ ገለል አለ። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ምትኩ ተቀምጧል።

ያው ግንባር፣ ያው ከንፈር፣ ያው የወናፍ ትንፋሽ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላዬ ትቼው የመጣሁት ልጅ በጠሩ ዓይኖቹ ቀና ብሎ አየኝ። አማተብኩ። "ምትኩ! ማን አመጣህ?" ብዬ ጮኽኩ።

ብርቄ እጇን እየጠረገች ወጣች። "ምትኩ አይደለም፣ ሐኪም። በቀለ ነው፣ የኔ ልጅ" አለችኝ። ድንጋጤዬ አላስገረማትም፤ ለምዳዋለች። "ሁሉም እንደዚህ ይላል። የእናታችንም ወንድም፣ በልጅነቱ የሞተው፣ እንደዚህ ነበር አሉ። 'ያ ወናፉ' ይሉታል ሽማግሌዎች።"

በቀለ አባቱን አይመስልም፤ እናቱንም አይመስልም። ሦስቱም ልጆች የሚመስሉት በሽታውን ነበር። ማታ ጎረቤላ ባደርኩበት ቤት የሁለቱን ወረቀት ነከርኩ። ሁለት ሐምራዊ ክቦች ጎን ለጎን ወጡ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ከጻፍኩት ስም በቀር የሚለይ ነገር አልነበራቸውም።

በማግስቱ ልቤ በኩራት ተሞልቶ እነ አስካለ ቤት ተመለስኩ። የማኅበር ቀን ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ካህናቱ፣ ጎረቤቶቹ፣ የቄሱ እናት እማሆይ የሺመቤትም አሉ። እማሆይ፣ "እህ፣ ሐኪም፣ ምን አገኘህ?" ሲሉኝ በር መዝጋት አልታሰበኝም። አስካለን ብቻዋን ልጥራት ማለትም አልመጣልኝም። ቆሜ፣ ከሁሉም በላይ ሆኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

"በልጁ ሽንት ውስጥ ድኝ አገኘን። በእናቱ ዘር በኩል የመጣ ነው" አልኩ።

የልጁ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

"ድኝ?" አሉ እማሆይ። "ሰዶምን ያነደደው ድኝ?"

"የለም እማሆይ፣ በሳይንስ . . ." ብዬ ጀመርኩ። ግን የምጨርስበት አማርኛ አልነበረኝም። በተናገርኩ ቁጥር እየባሰ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ዋንጫውን ሳይጨርስ አስቀመጠ። አስካለ ማድጋ እንደያዘች ማጀቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። ቄስ ወልደ ሰንበት አቀርቅሮ ምንጣፉን ያያል። በቅሎዬን ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ነው የተናገርኩት እያልኩ ራሴን ሳጽናና ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ለጋሽ ሞገስ ውጤቱን አስረከብኩ፤ የተናገርኩትን ግን አልነገርኳቸውም።

ክረምቱ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት የብርቄ ባል ዝናብ እየደበደበው መጣ። "አስካለ ልጁን ይዛ ጠፍታለች" አለ። በየት በኩል ልትሄድ እንደምትችል ሲጠየቅ አያውቅም። የሚያውቀው በቤቷ የሆነውን ነው። እሳት የሚጭር ጎረቤት ቀርቶባት ነበር። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ቀድተው እስኪጨርሱ ርቃ ትቆማለች። እማሆይ ልጁ በተኛበት ቤት አላድርም ብለው ከልጃቸው ቤት ወጥተዋል።

ጋሽ ሞገስ ሰምተው ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ብለህ ነበር የነገርካቸው?"

ነገርኳቸው።

"ማን ማን ነበር?"

እሱንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ካፖርታቸውን ለበሱና፣ "ፔኒሲሊን ያዝ" አሉኝ።

አንኮበር ስንደርስ ቄሱ ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፤ እማሆይም ተጠርተው መጥተዋል። ጋሽ ሞገስ መሬት ላይ ተቀመጡ። መቀስ አውጥተው ከራሳቸው ጠጉር ቆረጡና ፍም ላይ ጣሉት። ያ የምናውቀው ከባድ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"ይህ የሚሸታችሁ ድኝ ነው" አሉ። "ከኔ ጠጉር ነው የወጣው። በጥፍራችን አለ፣ በበጉ ጠጉር አለ፣ በእንቁላሉም አለ። ፈጣሪ ያለ ድኝ የሠራው ገላ የለም። ልጁ ከእናንተ የሚለየው ሰውነቱ ድኙን የሚያስወጣበት መንገድ ስለተዘጋበት ነው። ይህ ረዳቴ አላዋቂ ሆኖ በክፉ ቃል ነገራችሁ። ጥፋቱ የኛ ነው።"

"እርስዎ ከተማ የኖሩ ሰው ነዎት። የርስዎ ጠጉር ይሁን" አሉ እማሆይ።

ያኔ ቄስ ወልደ ሰንበት ተነሣ። ከጺሙ ነጨና ፍሙ ላይ ጣለው። ሽታው እንደገና ተነሣ። ሁሉም የራሳቸውን ካህን ጺም ሽታ አሸተቱ።

"እናቴ" አለ ቄሱ፣ "እኔ በዚህ ገላዬ ነው ቅዳሴ የምገባው። እርስዎ ሲናገሩ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። አሁን ሚስቴን ልፈልግ ነው።"

ያገኘናት በሁለተኛው ቀን፣ ገደሉ ሥር ካለ ጠበል ነው። በክረምት ሰው የማይበዛበት፣ ውሃውም በረዶ የሚመስል ነው። አንድ ጥግ የሣር ጎጆ ውስጥ ምትኩን አቅፋ ተቀምጣለች። ድኙ እንዲወጣለት ሰባት ቀን አስጠምቃዋለች። ደረቱ በሳንባ ምች ተይዞ፣ ያ የወናፍ ትንፋሽ ወደ ቀጭን ፉጨት ተለውጦ ነበር። ጉሮሮው እየጠበበ ላለ ልጅ ያ ምን ማለት እንደሆነ እኔም ጋሽ ሞገስም እናውቃለን። መርፌውን ወጋሁት። ሌሊቱን ሁሉ ቀጥ አድርገን ይዘነው አደርን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፉጨቱ ቆመ።

የሚገርመው ፊቱ ነው። ሲያልፍ ያ እብጠት ሁሉ የረገበ መሰለኝ፤ ለአፍታ የሌላ ሕፃን፣ የማላውቀው ሕፃን መልክ ታየኝ። አስካለም ያየችው ይመስለኛል። አላለቀሰችም። ቀና ብላ እኔን አየችኝና፣

"ሐኪም፣ ድኙ ወጣለት?" አለችኝ።

ቄሱ ልጁን በነጠላው ጠቅልሎ ገደሉን ተሸክሞት ወጣ። ማንንም አላስነካ። ከወንድሙ አጠገብ ራሱ ፍትሐት አድርሶ ቀበረው።

ደብረ ብርሃን ተመልሰን የስንብት ማመልከቻ ጻፍኩ። ጋሽ ሞገስ አነበቡትና አጥፈው መለሱልኝ። "አንተ ብትለቅ በቦታህ የሚመጣው ይህን ያላየ ሰው ነው" አሉኝ። የብርቄ ልጅ በቀለም ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። ጋሽ ሞገስ ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን ተረከብኩ።

ከዚያ በኋላ አስካለ ሴት ልጅ፣ ቀጥላም ወንድ ወለደች። ወንዱ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው አዝላው መጣች። ኃይሌ ይባላል። ቀይ ነው፤ አፍንጫው ሰልካካ፤ እስክሪብቶዬን ከኪሴ ነጥቆ ይስቃል። በሩን ዘግቼ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

"ይመርምሩት" አለችኝ። "ግን ለኔ አይንገሩኝ። ለአባቱም፣ ለማንም።"

"ታዲያ ለምን እንመረምረዋለን?"

"እኔ ካወቅሁ ፊቱን ባየሁ ቁጥር የዚያን መልክ ስፈልግበት ነው የምኖረው። ይኼን ልጅ ሳላየው ይቀርብኛል። እርስዎ ግን ይወቁት። ደረቱን ሲያመው በጊዜ እንዲደርሱልኝ።"

ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ነከርኩ፤ ደገምኩት፤ ሠለስኩት። ከዚያ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨመርኩና የቀኑ መዝገብ ላይ ስሙን ብቻ ጻፍኩ።

ኃይሌ አሥራ አራት ዓመት ኖረ፤ ከወንድሞቹ ሁሉ ይበልጥ። በእነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላስታውስም። የመጀመሪያው ግን አይረሳኝም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ማንም ሳይጠራኝ፣ ፔኒሲሊን በቦርሳዬ ይዤ፣ በመንገድ ላይ 'ለክትባት መጥቼ ነው' የምትል ሰበብ እያጠናሁ፣ ዳገቱን ወጣሁ። አስካለ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ከሩቅ አየችኝ፤ ስቀርብ ቦርሳዬን አየች። ሰበቤን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን አልጠየቀችኝም። ፊቷን ለአፍታ ወደ አጥሩ አዞረች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገችና ወደ ቤት ውስጥ ተጣራች፦

"ኃይሌ! ና ውጣ ልጄ፣ ዘመድ መጥቷል።"